ከበሩ ስር ያለው ክፍተት

ፎቁ አሮጌ ነው፤ የመብራቱ መስመር ደግሞ ከእሱ የባሰ። ብርዱ ሲጠና ስምንቱም ቤት ማሞቂያውን እስከ ጥግ ይከፍትና ዋናው ፊውዝ ጧ ይላል። ከዚያ ሁሉም ደረጃው ላይ ወጥቶ እርስ በርሱ ይካሰሳል። በመጨረሻ የቀድሞው ቆጣሪ አንባቢ፣ ጎረቤቱ «አቶ ፊውዝ» የሚላቸው፣ ነዋሪውን ሰበሰቡ።

«እናንተ ሰዎች፣ የምታሞቁት ቤታችሁን ሳይሆን መንገዱን ነው» አሉ። «በርና መስኮቱን እንድፈን። ከዚያ ሁላችንም ማሞቂያውን ቁጥር ሁለት ላይ እናድርግ። አንድ ሰው ካበላሸ ግን ሁላችንም በብርድ ማለቃችን ነው።»

ሁሉም አሮጌ ጨርቁን አዋጣ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊም ቁርጥራጭ የጠቀጠቀችበት ረጅም መከለያ ለየበሩ ሰፋች። ፊት ለፊቷ ለሚኖሩት ጡረተኛ መምህርት ግን ከቀይ ከፋይ ጨርቅ ሠራችላቸው። ምክንያት ነበራት። ልጃቸው «መብራት አንድ ጊዜ ደግሞ ከጠፋ እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ አበቃ» ብሏቸዋል። የሱ ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዋ እናት የሚባል ነገር ያወቀችው እዚህ ፎቅ ከገባች ወዲህ ነው፤ ሳትበላ ስትውል ሳህን ይዘው የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። እንዲሄዱባት አትፈልግም፣ ይኸው ነው።

ሳምንት ሙሉ ሰላም ሆነ። በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ጧ!

አቶ ፊውዝ ነፋስ የሚገባበትን ለማወቅ ክር አንጠልጥለው ከልብስ ሰፊዋ ጋር በየበሩ ዞሩ። መምህርቷ በር ስር ክሩ ጨፈረ። ቀዩ መከለያ ጥግ ተጥሏል፤ ማሞቂያው ቁጥር አምስት ላይ ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ? የተማሩ ሰው!» ብለው ጦፈው ሄዱ።

ልብስ ሰፊዋ ቀረች። «አልወደዱትም እንዴ እማማ? ልጅዎ ቢሰማ እኮ ይወስድዎታል!»

መምህርቷ ጣታቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩ። «ጨርቁስ ውብ ነው የኔ ልጅ። ግን የስፌት መኪናሽ አልሰማ አለኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጠዋት የምነሳው በመኪናሽ ድምፅ ነው። ሲቆም ክር እየቀየረች ነው እላለሁ፣ ሲፈጥን ደንበኛ ቆሞባታል እላለሁ። በሩ ሲደፈን ፎቁ ውስጥ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።»

እንባዋን አንገቷ ላይ በተንጠለጠለው ሜትር ጠረገችና አቶ ፊውዝን ጠርታ መጣች። እሳቸው «ወገቤን! ወገቤን!» እያሉ፣ ሁለቱ መኪናውን ኮሪደሩን አሻግረው መምህርቷ መስኮት ስር አቆሙት። የልብስ ሰፊዋ ማሞቂያ ተዘጋ፤ ቀዩ መከለያም ቦታው ተመለሰ። ክሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሁለት ሰው በአንድ ማሞቂያ!» አሉ አቶ ፊውዝ። «ይሄንንስ እኔም አላሰብኩት።»

ፊውዙን መልሰው ሳይጨርሱ ስልክ ጮኸ። ልጁ ነው። «እማዬ፣ መብራት ጠፋ ብሎ ጎረቤት ደወለልኝ። ብቻሽን አልተውሽም፣ ልወስድሽ ነገ እነሳለሁ።»

መምህርቷ ስልኩን ወደ ስፌት መኪናው ዘርግተው ልብስ ሰፊዋን በዓይናቸው ለመኗት። መርፌው ስር ጨርቅ አልነበረም፣ ክርም አልነበረም። እሷ ግን ፔዳሉን ረገጠች።

«ማን አለ እዚያ?» አለ ልጁ።

«ልጄ ናት» አሉ።

የልብስ ሰፊዋ እግር ፔዳሉን ሳተ። ልጁም «እንግዲያው ብርድ ልብስ እልክልሻለሁ» አለ።

«ሁለት አድርገው» አሉት።