የከበቡሽ አውራ ጣት

«አስራ ሰባት ቁጥር! ሞተርሽን አስነሺ እንጂ!»

ሮዳስ የማስነሻውን ፔዳል በእግሯ መታች። ሞተሩ አንዴ አሳለና ዝም አለ። ደግማ መታች። አሁንም ዝም። ከጎኗ የተሰለፈው ጉልላት የሄልሜቱን መስታወት ገልጦ ጥርሱን አሳያት።

«ልግፋልሽ እንዴ እህቴ?»

«ለራስህ የሚገፋህ ፈልግ!»

የጉልላት መሳቅ ራሱ ድፍረት ነው። አምና በዚሁ ውድድር ጭቃ ውስጥ ተተክሎ እንደ በሬ በገመድ ተጎትቶ ነው የወጣው። በሦስተኛው ምት ሞተሩ ተነሳ።

ከታቦር ተራራ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሃያ ስድስት ሞተሮች እየጮኹ አቧራውን ለሰማይ ይሰጣሉ። መንገዱ መንገድ አይባልም። በበቆሎ ማሳ ዳር ይሄድና ደረቅ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ በድንጋያማ ዳገት ዞሮ እዚሁ ሜዳ ይመለሳል። ሁለት ዙር ነው፣ በመሀሉ እረፍት አለው፤ ሁለተኛው ዳገቱን እስከ አናቱ ያስወጣል። ፍየል እንኳ አስባ የምትወጣው ዳገት።

ሮዳስ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ፒያሳ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ቤት ተቀምጣ በስልክ ትእዛዝ ትቀበላለች። ሞተር የለመደችው በመሥሪያ ቤቱ ሞተር፣ እሑድ እሑድ ነው። መድኃኒት በሞተር ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የማድረሱን ሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለመነች። አለቃዋ አቶ አምሳሉ በመጨረሻ ሰለቻቸውና፣ «ያንን ውድድር ሁለቱንም ዙር ጨርሰሽ ነይ፤ መስመሩ ያንቺ ነው። ካልጨረስሽ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አሏት። እሷም ተመዘገበች።

አሁን የማስጀመሪያው ባንዲራ ሊወርድ ሲል አንድ ባጃጅ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ከውስጡ ነጠላዋን እያስተካከለች የወረደችው እናቷ ከበቡሽ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ክለብ ለጀማሪ ሁሉ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወረቀት ላይ እንዲፈርምለት ይጠይቃል። ከበቡሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊርማዋ አውራ ጣቷ ነው። ግን ማን ይጠይቃታል? የሮዳስን ታላቅ ወንድም ካሌብን ሞተር አንድ እግሩን ከበላበት ወዲህ፣ በዚያ ቤት ሞተር የሚለው ቃል አይነሳም። ስለዚህ ሮዳስ ረቡዕ ዕለት የመሥሪያ ቤቷን ዕቃ ክፍል ከውስጥ ዘጋች፤ የራሷን አውራ ጣት የማህተም ቀለም ላይ ጫነችና በእናቷ ስም ግርጌ አተመች። ከዚያ እጇን በበረኪና ታጠበች። ቀለሙ ለቀቀ። ሌላው አልለቀቀም።

ከበቡሽ በቀጥታ ወደ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ሄደች። የክለቡ ሰብሳቢ በርናባስ ከወንበሩ ተነስቶ ሰላምታ ሰጣት፤ ፈገግ ብሎም ወረቀቱን አሳያት። በሞተሩ ጩኸት አንድም ቃል አይሰማም። ሮዳስ ያየችው እናቷ ጎንበስ ስትል፣ አውራ ጣቷን ወደ ዓይኗ ስታነሳ፣ ከዚያ ወረቀቱን፣ ከዚያ እንደገና ጣቷን ስታይ ነው። ቀና ብላ ወደ ሮዳስ አየች።

አልጮኸችም። ገበያ ውስጥ ቆጮዋን ገዢ ያለፈቃድ ሲነካባት ሰፈር የምታናውጥ ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ዛፍ ጥላ ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

ባንዲራው ወረደ።

የመጀመሪያውን ዙር ሮዳስ በዓይኗ አልነዳችውም። ማሳው ዳር የቆሙ ሴቶች «ሴት ናት እኮ! ኧረ በርቺ!» እያሉ ሲያጨበጭቡ፣ እሷ የሚታያት ያቺ ወደ ዓይን የተነሳች ጣት ናት። ለበርናባስ ነግራዋለች? አልነገረችውም? ስመለስ ቁጥሬን ከደረቴ ሊነጥሉ ቆመው ይጠብቁኛል? የፊቷ ሞተር አቧራ አይኗን ሞላው። ደረቁ ወንዝ ጋ ስትደርስ ማርሽ መቀነስ ሲገባት ፍሬን ያዘች፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳታት ስህተት። የፊት ጎማው አሸዋው ውስጥ ሰመጠና እሷን በግራ ትከሻዋ መሬት ላይ አነጠፋት።

ትንሽ ጊዜ ጋደም ብላ ቆየች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አንቀሳቀሰች። ሁሉም አሉ። ሦስት ሞተሮች አልፈዋት ሄዱ። ሞተሩን ለብቻዋ ለማንሳት ሁለት ጊዜ ሞክራ አቃታት፤ በሦስተኛው ጀርባዋን ሰጥታ ገፍታ አነሳችው። የግራ እግር መርገጫው ተጣሟል። በተጣመመው ላይ ቆማ ነዳች። ከሃያ ስድስቱ ሃያ አራተኛ ሆና ሜዳው ላይ ደረሰች፤ ከኋላዋ የቀሩት ሁለቱ ሞተራቸው የተበላሸባቸው ናቸው፣ አንዱ ጉልላት። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቀችበት ነበር።

ቁጥሯን የሚነጥል ሰው አልጠበቃትም። የጠበቃት ባለ ባጃጁ ሱሌይማን ነው፤ የሰፈራቸው ልጅ።

«እኔ ምን ላድርግ ሮዲ? ‹ልጅዎትን በርቺ ልንላት አንሄድም ወይ እትዬ ከበቡሽ?› ነው ያልኩት። የሚያውቁ መስሎኝ!»

«አፍህን ምን ልበለው!»

«መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ በሕይወቴ እንደዚህ ፈርቼ ነድቼ አላውቅም።»

ሮዳስ ሄልሜቷን አውልቃ ወደ ዛፉ ሄደች። ከበቡሽ ቀና ብላ የተቀደደውን እጅጌዋን አየች።

«ወደቅሽ።»

«ትንሽ ነው እማ።»

«ትንሽ መውደቅ የሚባል የለም። መሬት ትልቅ ናት።»

ከዚያ ሮዳስ፣ «ወረቀቱን አይተሻል» አለች።

«አይቻለሁ። ፊደል ባላውቅ ጣቴን አላጣውም።» ከበቡሽ አውራ ጣቷን አቀናች። በልጅነቷ እንሰት ስትቆርጥ ቢላ የሰነጠቀው ጠባሳ ከጥፍሩ ሥር እስከ አንጓው ወርዷል። «የኔ ጣት መሀሉ ላይ መንገድ አለው። እዚያ ያለው ልሙጥ ነው። ስልክ ሲዳብስ የኖረ ጣት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የከበቡሽ ልጅ አጭበርባሪ ናት ተብሎ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዲወራ? እኔ አልናገርም። ዛሬም፣ ነገም። የሰረቅሽው አንቺ ነሽ፤ ከፈለግሽ ትመልሺዋለሽ፣ ካልፈለግሽ ተሸክመሽው ትዞሪያለሽ።»

በድምፅ ማጉያው ሁለተኛው ዙር ሃያ ደቂቃ እንደቀረው ተነገረ። ሮዳስ ዳገቱን አየችው። ዝም ብላ ብትወጣ የሚያቆማት የለም። ነገ አቶ አምሳሉ መስመሩን ይሰጧታል። እናቷም እንዳለችው ዝም ትላለች፤ የከበቡሽ ዝምታ ግን ጩኸት አይደለም በር ዘግተው የሚያመልጡት፣ አብሮ ማዕድ ይቀርባል።

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «ጋሽ በርናባስ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ጣት የኔ ነው።»

በርናባስ መነጽሩን አወለቀ። «ምን አልሽ?»

«እናቴ አላተመችም። እኔ ነኝ።»

«ይሄ ጨዋታ መሰለሽ? አንድ ነገር ብትሆኚ እኮ እኛ ነን የምንታሰረው!» ሰው እየዞረ ማየት ጀመረ። በርናባስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናትሽ ራሳቸው ካላተሙ አትወጪም። አለቀ።»

«ይነበብልኝ» አለ ከኋላ ድምፅ። ከበቡሽ መጥታለች።

«እማማ፣ ረጅም ነው። ባጭሩ ልንገርዎትና…»

«ባጭሩ የተነገረኝ ጊዜ የልጄን እግር ቆረጡት።»

ካሌብ በተጋጨ ቀን አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ፣ «ለሕክምናው ነው፣ እዚህ ጋ ይጫኑ» ብሏት ነበር። ጫነች። ልጇ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ አንሶላው ከጉልበቱ በታች በአንድ በኩል ተኝቷል። ባይቆረጥ ይሞት ነበር አሏት፤ ካሌብም ይህንኑ ይላል። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ጣት ለማንም ወረቀት አበድራ አታውቅም። ሮዳስ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ እያወቀች ነው ዕቃ ክፍሉን የዘጋችው።

«እሷ ታንብበው» አለች ከበቡሽ።

ሮዳስ ወረቀቱን አነሳች። ስሙን፣ ቀኑን፣ የሄልሜቱን ነገር በደህና አነበበች። ከዚያ፣ «ተወዳዳሪዋ በውድድሩ ምክንያት ለሚደርስባት የአካል ጉዳት ወይም…» ብላ ቆመች።

«ወይም ምን?»

«እማ…»

«ወይም ምን ነው ያልኩሽ!»

«ወይም ሞት… ቤተሰቧ ክለቡን በኃላፊነት ላለመጠየቅ ተስማምቷል።»

ሜዳው ላይ ሞተሮች መነሳት ጀምረዋል። ከበቡሽ ወደ ወረቀቱ ቀረበች።

«ሞት የሚለው የቱ ጋ ነው? በጣትሽ አሳዪኝ።»

ሮዳስ አሳየቻት።

«ይህቺው ናት? ስንት ፊደል ነው?»

«ሁለት።»

«ሁለት ፊደል!» አለች ከበቡሽ ራሷን እየነቀነቀች። ዳገቱን አየችው። የተቀደደውን እጅጌ አየችው። ከዚያ የቀለሙን ዕቃ ወደ ራሷ ጎተተችና አውራ ጣቷን ደጋግማ ጫነችበት፤ ቀለሙ እስከ ጥፍሯ ዙሪያ ወጣ። በርናባስ ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ባዶ ቦታ እየጠቆመ፣ «እዚህ ጋ ነው እማማ» አለ።

ከበቡሽ እዚያ ጋ አላተመችም። ጣቷን በሁለቱ ፊደላት ላይ አሳርፋ፣ ሊጥ ላይ እንደሚጫን ሰው ክብደቷን ሰጠችው። ስታነሳው ቃሉ የለም። በቦታው ሰማያዊ ጣት አለ፣ መሀሉ ላይ ነጭ መንገድ ያለው።

«ጉዳቱን ፈቅጃለሁ» አለች። «ያንን አልፈቀድኩም።»

በርናባስ ወረቀቱን አንዴ፣ ሰዓቱን አንዴ አየ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ከተተው። «አስራ ሰባት ቁጥር፣ ወደ መስመር» አለ፣ ቀና ሳይል።

ሮዳስ ሄልሜቷን አጠለቀች፤ እጇ ግን ማሰሪያውን ማግኘት አቃተው። ከበቡሽ ጎትታ አገጯ ሥር ቆለፈችላት። ቀለሙ የልጇ አንገት ላይ ቀረ። ሱሌይማን ከባጃጁ ጨርቅ አምጥቶ፣ «ጣትዎትን ይጥረጉ እትዬ» ቢላት እጇን ሰበሰበች።

«አንሳው!» አለችው። ወደ ሮዳስ ዞረች። «ሂጂ። ይህንን ቀለም ተመልሰሽ የምታጥቢልኝ አንቺ ነሽ።»