የስምሪቱ ይለፍ ቃል

የአውቶቡስ ጋራዡ የስምሪት ሠራተኛ ጠዋት ኤክሴሏን ከፍታ «መድብ» የሚለውን ቁልፍ ስትጫን ምደባውን በራሱ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ማክሮው፣ «ገጹ ተቆልፏል» ብሎ ቀጥ አለ። ሾፌሮቹ ሞተር አስነስተው መስመራቸውን እየጠበቁ ነው። ፋይሉን የሠራው የአክስቷ ልጅ ሥራ ለቋል፤ ደወለችለት።

«ልወጣ ስል እኔ ነኝ የቆለፍኩት» አላት። «ሾፌሮቹ ፋይሉ ውስጥ እየገቡ ራሳቸውን ይመድቡ ነበር። ማክሮው መጀመሪያ ገጹን እንዲከፍት፣ ሲጨርስ መልሶ እንዲቆልፍ አድርጊው። ይለፍ ቃሉን እዚያው ውስጥ ጻፊለት።»

«ይለፍ ቃሉ ምንድን ነው?»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድምፅ ማጉያ ላይ ነኝ እንዴ?»

«አዎ፤ ኃላፊያችንም አጠገቤ ናቸው።»

«በቃ፣ በኋላ ልደውል።»

«የምን በኋላ? ሾፌሮቹ ሊበሉን ነው፤ ተናገር» አሉ ኃላፊው።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ በፍቅር ያወጣነው ስም ነው… አቶ ጭቅጭቅ። በላቲን ፊደል፣ ሳይነጣጠል።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉ። እሷ ሳቋን ለማፈን ጉንጯን ነክሳ የመክፈቻና የመቆለፊያ ትእዛዙን ከነይለፍ ቃሉ ማክሮው ውስጥ ጻፈች፤ ቁልፉንም ተጫነች። ማክሮው አሁንም እምቢ አለ።

ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ሁለተኛውን ‹ጭቅ› ረስተሻል» አሏት።

ጨመረችው። ገጹ ተከፈተ፤ መስመሮቹ ተደለደሉ፤ ገጹም መልሶ ተቆለፈ። አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ከግቢው መውጣት ጀመሩ።

ኃላፊው ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ‹ያወጣነው› ስትል ከማን ጋር ነው?» ብለው ጠየቁ።

ስልኩ ተዘግቷል። ዞር ሲሉ የስምሪት ሠራተኛዋም ወንበሯ ላይ የለችም።