ቡና ብቻውን ይጫናል

ዙለይካ አፍንጫዋን ያጣችው በክረምቱ ጉንፋን ነው። ፊቷ ላይማ እንደሆነ አለ፤ ቀጥ ያለ፣ ገና በልጅነቷ አክስቶቿ ያደነቁት አፍንጫ ነው። ማሽተቱን ግን ተወ። ጉንፋኑ ሲለቃት ሳሉም ትኩሳቱም ተከታትለው ሄዱ፤ ሽታ የሚባል ነገር ግን አብሯቸው ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ወጡ አልጣፍጥ አለኝ ብሎ ትንሽ ተነጫንጮ ይተወው ነበር። ዙለይካ ግን አዳማ ላይ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብላ፣ ቡና እየመረጠችና እየቆላች የምትሸጥ ሴት ናት። እንጀራዋ ያለው እዚያው አፍንጫዋ ላይ ነው።

ለማንም አልተናገረችም። ሐኪም ዘንድ የሄደችው እንኳ የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ብላ ቢሾፍቱ ድረስ ነበር። ሐኪሙ ባትሪ እያበራ ብዙ ካያት በኋላ፣ «የአንዳንዱ ሰው ይመለሳል፣ የአንዳንዱ ይቆያል፤ ታገሺ» አላት። ታገሺ ማለት ለተናጋሪው ምን ይከብዳል! ሂሳቧን ከፍላ፣ በሚኒባስ መስኮት በኩል የአበባ እርሻዎቹን እያየች፣ ምንም ሳይሸታት ወደ አዳማ ተመለሰች።

መቁላቱንስ በዓይኗና በጆሮዋ ተወጣችው። መቁያ ማሽኗ ፊት ቆማ የፍሬውን ቀለም ትከተላለች፣ ሲንጣጣ ታዳምጣለች፣ በሰዓቱ ታወጣዋለች። ችግሩ ጥሬው ቡና ላይ ነው። ድሮ አዲስ ጆንያ ሲመጣላት እጇን እስከ ክርኗ ትሰድና ከሆዱ እፍኝ ታወጣለች፤ በሁለት መዳፏ ከድና ሞቅ ያለ ትንፋሿን ትሰጠዋለች፤ ከዚያ አሽትታ ወይ ትቀበላለች ወይ ትመልሳለች። አሁንም ያንኑ ታደርጋለች። ክንዷን ትሰዳለች፣ ትተነፍሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ «ጥሩ ነው» ትላለች። እንዲህ ያለው ትወና መድረክ ላይ ቢሆን ያስጨበጭብ ነበር።

ቡናውን ከሻሸመኔ ነጋዴ የሚያመጣላት ባሏ ኡበይደላ ነው። አይሱዙ አለው፤ በዚያ መንገድ ያገኘውን ሁሉ ይጭናል፤ የመቂ ሽንኩርት፣ የባቱ ፓፓያ፣ ቲማቲም። ሲጋቡ ዙለይካ አንድ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ቡና ብቻውን ይጫናል። ቡና አጠገቡ ያደረውን ሽታ ሁሉ ይይዛል፤ ከበርበሬ ጋር ካደረ በርበሬ፣ ከሳሙና ጋር ካደረ ሳሙና ይሆናል። ኡበይደላ አንዴ ይህን ረስቶ የናፍጣ ጀሪካን ከጆንያው ጋር አስቀምጦ መጣ፤ ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት ወለንጪቲ ድረስ ተሰምቷል እያለ ለጓደኞቹ ያወራል። ሲያወራው ደግሞ ደስ እያለው ነው።

ሌላም ልማድ ነበራት። ከመንገድ ሲገባ ሰላምታውን ሳትጠብቅ አፍንጫዋን ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ታስገባና የዋለበትን ትነግረዋለች። «ቡልቡላ ቆመሃል፤ ዓሣ በልተሃል።» «መቂ ላይ ዝናብ አግኝቶሃል።» እሱም፣ «ኧረ ትራፊክ ፖሊስ ይሻለኛል» ይላታል፤ አንገቱን ግን አይነሳትም። ከክረምቱ ወዲህ ይሄም ቀረ። ምን ብላ ትንገረው? «ደህና ገባህ?» ትለውና ወደ ጆንያዎቹ ትሄዳለች። እሱም ምነው ተውሽ ብሎ አልጠየቀም። ኡበይደላ የልቡን ከሚናገር አይሱዙውን እየገፋ ሞያሌ ቢደርስ የሚቀለው ሰው ነው።

እናም ለዙለይካ የቀራት እንቅልፏ ብቻ ሆነ።

አዳማ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሁሉንም ያዝላል። ባጃጆቹ ጥላ ፍለጋ ይገባሉ፣ ሻጩም ገዢውም ድምፁን ይቀንሳል። ዙለይካ ዙሁር ሰግዳ፣ ከሱቁ ጀርባ የጥሬ ቡና ጆንያዎቹ ላይ ጋደም ትላለች። ቬንቲሌተሩ ከላይ ይዞራል። ዓይኗ ክድን ሲል ጆንያዎቹ ከሥሯ ቀስ ብለው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ።

ሕልሙ ሁልጊዜ ያው ነው። እሷ በአይሱዙው ጭነት አናት ላይ ተቀምጣለች። ሹፌር የለም፣ የሞተር ድምፅም የለም፤ መኪናው ከሻሸመኔ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። መንገዱም ሽታውን አንድ በአንድ ያቀብላታል። መጀመሪያ የሻሸመኔ እርጥብ ባሕር ዛፍ። ከዚያ የላንጋኖ ውሃ፣ ከዳርቻው ሣር ጋር። ቡልቡላ ላይ የግራር ከሰልና የሚጠበስ ዓሣ። ባቱ ላይ ፓፓያው ከነልጣጩ፣ መቂ ላይ ውሃ የጠጣ አፈር። ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካው ግማት እንኳ ሲመጣ፣ በውኗ መስኮት ትዘጋበት የነበረውን፣ «አልሐምዱሊላህ» ብላ እስከ ሆዷ ትስበዋለች። በመጨረሻ የአዳማ ንፋስ ተቀብሎ ደጇ ላይ ያወርዳታል።

ስትነቃ ምንም የለም። ጣራው፣ ቬንቲሌተሩ፣ ባዶ አየር። እያደር ሱቁን ከመክፈት እንቅልፉን መጠበቅ ወደደች፤ ከሰዓት እስኪሆን የማለዳው ሰዓት ይረዝምባት ጀመር።

ደንበኛ ደግሞ ሳሳ። ከአዲስ አበባ መልስ «ላይት ሮስት አለ?» እያሉ፣ በስሱ የተቆላ ቡና ፍለጋ የሚመጡት ወጣቶች አንድ ሁለት ብለው ቀሩ። ለምን እንደቀሩ የነገራት የለም፤ ይሉኝታ አለ፣ ማን ፊት ለፊት ይናገራል? ራሷ ብትቀምሰው ምላሷ መራራ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግራት። ያልቀሩት ጋሽ መርዳሳ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ በሯ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲኒያቸውን እስከ አተላው ይጨርሳሉ። እሳቸውን እያየች ትጽናና ነበር።

በዚህ መሀል ቢሊሴ የምትባል ወጣት ደወለች። ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር፣ ካፌ ልትከፍት ነው። «ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ መጥቼ እቀምሳለሁ፤ ከወደድኩት ቡናዬን ሁሌም ከእርስዎ ነው የምወስደው» አለቻት። ቢሊሴ ከወደደችው ሱቁ ይተርፋል። ካልወደደችው ማሽኑን ሽጦ ቤት መቀመጥ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉ የሚያምረውን ፍሬ ለቅማ ቆላች። ቀለሙ ልክ ነው፣ ድምፁ ልክ ነበር። ሲኒዎቹን ደረደረች፣ ዙሁር ሰገደች፣ ጆንያዋ ላይ ጋደም አለች። ጭንቀት ባለበት እንቅልፍ አይመጣም የሚል ሰው የአዳማን ከሰዓት አያውቅም።

ሕልሙ እንደ ወትሮው ከሻሸመኔ ተነሣ። ላንጋኖ አለፈ፣ ቡልቡላ አለፈ። መቂ ላይ ግን ሽንኩርት ተሳፈረ። ተሳፍሮም ሞጆ አልወርድ አለ፣ አዳማም አልወርድ አለ። ዙለይካ በገዛ ሕልሟ ውስጥ ደሟ ፈላ። «ውረድ! ቡና ብቻውን ይጫናል!» ብላ ጮኸችበትና በራሷ ጩኸት ነቃች።

ጣራው አለ። ቬንቲሌተሩ አለ። ሽንኩርቱም አለ።

አልተነቃነቀችም። ብትነሣ እንደ ሌላው የሚጠፋ መሰላት። ቀስ ብላ በአፍንጫዋ ሳበች። አለ። አሁንም ሳበች። ጥሬ፣ ሹል፣ የእርሻ አፈር ያልለቀቀው፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽንኩርት። ዙለይካ ጆንያው ላይ በግንባሯ ተደፍታ አለቀሰች፤ ጆንያውን ሳመችው። ከክረምት ጀምሮ ያልወጣላት እንባ ነበር። ሽንኩርት ሳትልጥ እንዲህ ያለቀሰች ሴት በአዳማ እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ አፍንጫዋ የት ላይ እንደተደፋ ገባት።

ተስፈንጥራ ተነሥታ ክንዷን ጆንያው ውስጥ ሰደደች፤ ከሆዱ እፍኝ አውጥታ ተነፈሰችበት። ሽንኩርት። ሁለተኛውን ጆንያ ፈታች። ሽንኩርት። ወደ ሱቁ ሮጣ የተቆላው ያለበትን ማሰሮ ከፈተች፤ እዚያ መቆላቱ ትንሽ ሸሽጎታል፣ ግን አለ። እነዚያ ወጣቶች ለምን እንደቀሩ አሁን ገባት፣ ፊቷም ጋለ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ዙለይካ?» ቢሊሴ በር ላይ ቆማለች። መቅመሻ ማንኪያዋን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች።

ጋሽ መርዳሳም አግዳሚያቸው ላይ ደርሰዋል። «አካም ጅርታ፣ ልጄ? እንግዳ ካለሽ ለእኔም አንዲት ጨምሪ» አሉ።

ዙለይካ ቡናውን ፈጨች፤ እጇ የለመደውን ይሠራል፣ ልቧ ከራሷ ጋር ይሟገታል። ዝም ብትልስ? ቢሊሴም ይሉኝታ ይይዛት ይሆናል። ብትናገር ግን ሽንኩርቱን ብቻ ነግራ አታቆምም፤ እንዴት ሳታውቅ ቀረች ይባላል፤ አፍንጫ የሌላት ቡና ሻጭ መሆኗ ከተማውን ይዞራል። ውሃውን ቀዳች። እንፋሎቱ ወጣ፣ ከነሽንኩርቱ።

ጋሽ መርዳሳ ሲኒያቸውን አነሡ። ዙለይካ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻቸው። ከመጠጣታቸው በፊት ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ሕፃን መድኃኒት ሲጠጣ እንደሚያደርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረው ፈገግ አሉ። ይህን ሁሉ ወር እንዲህ ነበር የሚጠጡት።

«ተዉት!» አለች። የቢሊሴንም ማንኪያ ከአፏ አጠገብ ያዘችው። «አትቅመሺው። ሽንኩርት ገብቶበታል። ክረምት አሞኝ ማሽተት አቅቶኝ ነበር፤ ደብቄ ስሸጥ ኖርኩ። የተመለሰልኝ ዛሬ ነው፣ አሁን፣ ከመምጣትሽ በፊት። ጋሽ መርዳሳ፣ እርስዎስ ምነው ዝም አሉ?»

ሽማግሌው ሲኒውን በእፎይታ አስቀመጡ። «እኔማ አዲሱ ዘመን መስሎኝ! እነዚህ ልጆች አንዱ ቡና እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ሌላው አበባ አበባ ይላል ሲሉ እሰማለሁ። የእኛዋ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል አመጣች አልኩ።»

ቢሊሴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ዙለይካም ሳቀች፣ እንባዋ ገና ሳይደርቅ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ወጣቷ ማንኪያዋን መልሳ ጠቀለለች። «ካፌው ሊከፈት ነው፣ እትዬ። ሳምንት ሐሙስ እመለሳለሁ። ያን ቀን ንጹሕ ቡና ካገኘሁ አገኘሁ፤ ካላገኘሁ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ» አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አይሱዙው ደጁ ላይ ቆመ። ኡበይደላ ወርዶ ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ጆንያው ገና ከትከሻው ሳይወርድ ሽታው ቀድሞ ደረሳት።

«ሽንኩርት ላይ ጭነኸዋል» አለችው።

ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ቡናዬን ሽንኩርት ላይ ጭነኸዋል፣ ኡበይደላ!»

ጆንያውን አወረደ። ያደነገጣት ፊቱ ነው፤ የጥፋተኛ ሰው ፊት አልነበረም፣ ብዙ ጊዜ የጠበቀው ነገር የመጣለት ሰው ፊት ነበር። «አውቄ ነው» አለ።

«አውቄ ማለት?»

«ክረምት ላይ እኔን ማሽተት ተውሽ። ደህና ገባህ ብለሽ ታልፊያለሽ። ሰለቸኋት አልኩ።» መናገር ያልለመደ ሰው ስለሆነ ቃሉን እየጎተተ ነው። «ለእኔ ካልጮኸች ለቡናዋ ትጮህ እንደሆን ልይ ብዬ ጆንያውን ሽንኩርቱ ላይ ጣልኩት። አሸተትሽና ጥሩ ነው አልሽኝ። ደገምኩት። ጥሩ ነው አልሽኝ። ከዚያ በኋላማ… ለምን ለይቼ ልጫነው? ሁላችንንም ትታናለች አልኩ።»

ዙለይካ የክረምቱን ነገር፣ የቢሾፍቱን ሐኪም፣ ትወናዋን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገረችው። ነግራውም አላበቃች፤ ጮኸች። ደንበኞቼን አባረርክ፣ ሽማግሌውን ቡናዬን እንደ መድኃኒት አስዋጥካቸው፣ አፍ የለህም ወይ፣ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት አለች። እኔስ ብነግርህ ምን ነበረበት ብላም በራሷ ላይ ጮኸች። ጎረቤት አንገቱን ብቅ አደረገ። ኡበይደላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጥርሱ እየታየ፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ያዳምጣታል።

ጩኸቱ ሲያልቅባት ተጠጋችውና አፍንጫዋን ከኮሌታው ሥር አስገባች። ብዙ ቆየች።

«ናፍጣ» አለች። «ሽንኩርት። አቧራ። የግራር ከሰል፤ ቡልቡላ ቆመሃል።» እንደገና ሳበች። «ዓሣ ግን አልበላህም።»

«አልበላሁም» አለ ኡበይደላ። «ከክረምት ጀምሮ በልቼ አላውቅም። ማን ሊያውቅልኝ?»

«ነገ ብላ» አለችው፣ አፍንጫዋን ከኮሌታው ሥር ሳታወጣ።