የጠዋቱ ወጣቶች

ሰኞ ጠዋት የመዝናኛ ማዕከሉ በር ላይ ደብዳቤ ተለጥፎ ተገኘ። ማጣበቂያው ገና አልደረቀም፤ አንዱ ጥግ ተልጦ በነፋስ ይርገበገባል። መነጽር የያዘ ሰው ስላልነበረ፣ ወይም የያዘው መያዙን ማመን ስላልፈለገ፣ የመንታዎቹ እናት አንዱን ልጅ ለዘበኛው ሌላውን ለልብስ ሰፊዋ አስታቅፋ ጮክ ብላ አነበበችው።

ነገሩ አጭር ነው። ከመጪው ወር መጀመሪያ አንሥቶ አዳራሹ ጠዋት ጠዋት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ይውላል። በመዝገቡ መሠረት የጠዋት ተገልጋዮች አማካይ ዕድሜ ሃያ አራት ዓመት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ደግሞ ጠዋት ሥራው ላይ መገኘት አለበት፤ መዝናናት ካማረው ማታ ይምጣ። የጠዋቱ ሰዓት የተፈቀደው ለአረጋውያን ነበር፤ ይሁንና እስከ ዛሬ አንድም አረጋዊ አልተጠቀመበትም።

«አንድም አረጋዊ» የሚለው ላይ ስትደርስ የአንባቢዋ ድምፅ ዝግ አለ። ዙሪያዋን የቆሙት ሽበታሞች መሬት መሬት ያያሉ። ቀጥሎ አንድ በአንድ ቀና እያሉ ዓይናቸውን ልብስ ሰፊዋ ላይ ተከሉ። እሷ ያቀፈችውን ሕፃን አፍንጫ እንደ አዲስ ነገር ትመረምራለች። ጥፋቱ ከማን እንደጀመረ አሳምራ ታውቃለች።

ልብስ ሰፊዋ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አንቱ ያላት ሰው ግን የሰፋችለት ልብስ ውስጥ መርፌ ረስታ እንደምትሰጠው ስለሚወራ፣ እዚህም ደፍሮ አንቱ የሚላት የለም። ከዓመት ከሁለት ወር በፊት አንድ ጠዋት የሱሪ እግር እያሳጠረች ሳለ መቀሱ ከቀኝ እጇ ወደቀ። ላንሣው ብትል እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆነባት። ሐኪሙ ቀላል ስትሮክ ነው አላት፤ ቀላልነቱ ለማን እንደሆነ ግን አልነገራትም። እጅሽ የሚመለሰው ከሠራ ብቻ ነው ብሎም የምትጨብጠው የላስቲክ ኳስ ሰጣት። ሦስት ቀን ጨበጠችው፤ በአራተኛው ቀን ለጎረቤት ውሻ ጣለችለት። አርባ ዓመት የሰው ወገብና ትከሻ ስትለካ የኖረች ሴት ግድግዳ እያየች ኳስ ስትጨምቅ መዋሉ የቁም ሞት መሰላት። በመጨረሻ ልጇ መጣች፤ «እማዬ፣ ወይ በእግርሽ ትሄጃለሽ ወይ አዝዬሽ እሄዳለሁ» ብላ ክንዷን ይዛ ወደ ማዕከሉ ወሰደቻት።

በሩ ላይ ዘበኛው መዝገብ ዘርግቶ የገባውን ሁሉ ስም፣ ሥራና ዕድሜ ይጠይቃል። ዘበኛው የተባረከ ሰው ነው፤ ታላቁ የተናገረውን ይጽፋል እንጂ አይመረምርም። በዚያ ቀን ከልብስ ሰፊዋ ኋላ ተራ የያዘው ሰፈሩ ጋሽ ብሎን የሚለው መካኒክ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱሪውን የሰፋችለት እሷ ናት፤ ወገቡ በየዓመቱ በስንት ጣት እንደሚሰፋ ታውቃለች። እሱ ጆሮውን አቁሞ እየሰማ ዕድሜዋን ልትናገር? ሞቷን ትመርጣለች። «ሠላሳ ስድስት» አለች። ዘበኛው ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ጻፈ።

«እንግዲያው እኔ ሃያ ስምንት» አለ ጋሽ ብሎን፤ «እሷ ታላቄ ናት።» ይህም ተጻፈ።

በማግስቱ ወሬው ደረሰና ውድድሩ ቁልቁል ሆነ። አንዱ ሃያ አምስት፣ ሌላው ሃያ ሁለት እያለ ይገባል። ከትምህርት ቤት ጡረታ የወጣችው ምግብ አብሳይ በምርኩዟ ተደግፋ «አሥራ ዘጠኝ» ስትል ዘበኛው «ዕድሜ ይጨምርልዎ» ብሎ መዘገባት። እንዲህ እየተሳቀ ዓመት አለፈ። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም።

ውስጥ ያለው ሥራ ግን ቀልድ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ፒንግ ፖንግ ጀመረች። ራኬቱ ከእጇ እየበረረ ሲያስቸግር ጋሽ ብሎን በሱሪ ላስቲክ መዳፏ ላይ አሰረላት። የመጀመሪያው ወር ኳስ ለቀማ ነበር። በሦስተኛው ወር ላስቲኩን ፈታች፤ በስምንተኛው መቀስ ጨበጠች፤ አሁን ስስ ጨርቅ ትቆርጣለች። ጥቃቅኑ ሥራ፣ መርፌ መያዝን የመሰለው፣ ገና እምቢ ብሏታል። ሐኪሙ ደግሞ ካቆምሽ የመጣው ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል ብሎ ቁርጡን ነግሯታል።

የመንታዎቹ እናትም የጠዋቱ ሰው ናት። ከወለደች በኋላ አራት ወር ከክፍሏ ሳትወጣ ቆይታ ነው የመጣችው። መንታዎቹ ፍራሹ ላይ ሲድሁ አምስት ስድስት አሮጊቶች ዙሪያውን እንደ አጥር ይቀመጣሉ፤ እናትየው ወገቧን ታፍታታለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወንበር ላይ ተኝታ ታንኮራፋለች፤ የሚቀሰቅሳት የለም። ከሰዓት ተማሪዎቹ በዚያው በፒንግ ፖንጉ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። ማታ ጎረምሶቹ ብረት ያነሣሉ፤ የተሰበረውን ብረት የሚበይድላቸው ጋሽ ብሎን ስለሆነ «አሠልጣኝ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን አልጠላውም።

ከዚህ ሁሉ ጠዋቱን ነው እንግዲህ አንድ ወረቀት የሚዘጋው። ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን ለእናቱ መለሰችና ደብዳቤውን ከበሩ ላይ ላጠችው።

ዘበኛው ደነገጠ። «እትዬ፣ የመሥሪያ ቤት ወረቀት እኮ ነው።»

«ስመለስ እለጥፈዋለሁ» አለችው።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ደብዳቤውን የፈረመችው ተቆጣጣሪ ወረቀቶቿን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላ የምትደረድር ሴት ናት። ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ተናዘዘች፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ምግብ አብሳይም አልደበቀችም። ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም። ጭራሽ የሰማችውን በማስታወሻዋ ጻፈች፤ ይህ ከቁጣ የባሰ ነበር። መዝገቡን የጻፈው ማነው ብላም ጠየቀች።

«እሱ የነገርነውን ጻፈ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የዋሸነው እኛ ነን። የጀመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ትናንት ሠላሳ ስድስት ያለ ሰው ዛሬ ስልሳ ሰባት ነኝ ቢላት የትኛውን እንደምታምን አታውቅም። ስለዚህ ሐሙስ ሁለት ሰዓት እሷ ራሷ አዳራሹ ድረስ ትመጣለች። መዝገቡ ላይ ካሉት ሰዎች ከስልሳ በላይ የሆኑ ሃያ ሰዎች መታወቂያቸውን ይዘው ቀርበው ዕድሜያቸውን ከአፋቸው ይናገሩ። «አሥራ ዘጠኝ ቢሆኑ ደብዳቤው እንዳለ ነው» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ደብዳቤውን ለጠፈች፤ ከዚያ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። የልጅነት ጫማ ያህል የጠበበ ደረጃ ወጣች፣ ወረደች። ብዙዎቹ እሺ አሉ፤ ግን እሺታቸው ጥርስ እንደሚነቀል ሰው ነበር። ምግብ አብሳይዋ መታወቂያዬ ልጄ ቤት ነው አለች። ልብስ ሰፊዋ ግድ የለም፣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከአንድ ሰዓት በኋላ መታወቂያው ከፍራሽ ሥር ተገኘ። ረቡዕ ከሰዓት አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞላላት። የቀረው ጋሽ ብሎን ነው።

ጋራዡ ስትደርስ መኪና ሥር ተጋድሞ እየሠራ ነበር፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ድምፅዋን ሲሰማ የመውጣት ነገር አላሳየም። እሷም በርሜል ስባ ተቀመጠችና ለጫማዎቹ ጉዳዩን አስረዳች።

የጋሽ ብሎን ችግር ሚስቱ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲያገባት ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው ብሏታል። መታወቂያው ደግሞ ዛሬ ሰባ አንድ ይላል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሰባ አንድ ካለ ማታ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ይገባል።

«ዘጠኝ ዓመት ጉልበትህን በቅባት እያሸችህ የጎረምሳ ጉልበት ይመስላታል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ትዳር አትግቢ።»

«ትዳርህ ምን አገባኝ። እኔ የምልህ፣ ይህ አዳራሽ ከተዘጋ መቀሱን ሁለተኛ አላነሣውም። ላስቲኩን ያሰርክልኝ አንተ ነህ፤ እጄ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። ለአንተ ውሸት የእኔ እጅ ይክፈል?»

ከመኪናው ሥር ብረት ሲንኳኳ ቆየ።

«አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ» አለ በመጨረሻ።

ፈልጋ በቀኝ እጇ አቀበለችው። በርሜሉን ወደ ቦታው መልሳ ሄደች።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ ሁለት ሰዓት ሳይደፍን መጥታ በዘበኛው ጠረጴዛ ተቀመጠች። ሰዎቹ ተሰለፉ። አንዳንዱ ዕድሜውን በሹክሹክታ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪዋ «አልሰማሁም» ትላለች፤ ይደግማል። ምግብ አብሳይዋ «ስልሳ ዘጠኝ» ያለችው መራራ ኪኒን እንደሚውጥ ሰው ዓይኗን ጨፍና ነው። የልብስ ሰፊዋ ተራ ሲደርስ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ «ስልሳ ሰባት» አለች። ከዚያ በኋላ የሚፈራ አልነበረም፤ ኋላ የቀሩት እንደውም ወሩንና ቀኑን ጭምር ይዘረዝሩ ጀመር።

አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ተቆጣጣሪዋ በሩን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል።

ልብስ ሰፊዋ አልለመነችም። «ሥራ ይኖርሻል፤ ቆዪ አልልሽም» አለቻት። «ወሩ እስኪብት ግን ሰዓቱ የእኛ ነው፤ እንሠራበታለን።» ራኬቷን አንሥታ ምግብ አብሳይዋን ጠራች። የመንታዎቹ እናት ፍራሹን ዘረጋች፤ አሮጊቶቹ አጥራቸውን አጠሩ። ቁመታቸው የማይገናኝ ሁለት ሽማግሌዎች ገመድ ይዘው መጎተት ያዙ። ኳሱ ቀጭ ቋ እያለ ሄደ መጣ። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቶቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ግን አልተነሣችም። ዓይኗ ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ ነበር፤ ኳሱ ሲያመልጣት አጎንብሳ ስታነሣ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ በራኬቱ እጀታ ላይ ስታስተካክል ታያለች።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ወሬውን የሰማችው የጋሽ ብሎን ሚስት ባሏን በእጅጌው እየጎተተች ገባች። መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሰባ አንድ ነው» አለች። «ይቅርታ፣ ያረፈድነው ኮት ውስጥ ሰፍቶ ደብቆት ስፌቱን ስፈታ ነው።»

ጋሽ ብሎን ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። «ታውቂ ነበር?»

«ከሠርጋችን በፊት አየሁት። ሸሚዝህን ላጥብ ስል ኪስህ ውስጥ ነበር።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም አልሽኝ?»

ሚስቱ ከቦርሳዋ የራሷን መታወቂያ አውጥታ ከእሱ ጎን አኖረች። ጋሽ ብሎን ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላት ይመስለው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ስልሳ አራት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከመንታዎቹ አንዱ ደንግጦ አለቀሰ። ተቆጣጣሪዋ፣ ሚስትየዋ መዝገቡ ላይ ስለሌለች አልቆጥራትም አለች፤ ይህን ስትል ግን ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ባልየውን ራሱ ይናገር ብላ ጠበቀች።

«ሰባ አንድ» አለ ጋሽ ብሎን። ሃያ ሞላ።

መልሱ የመጣው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። የጠዋቱ ሰዓት እንዳለ ይቀጥላል፤ ስብሰባው ሌላ ቦታ ይፈለግለታል። ሆኖም መዝገብ ማዛባት እንዲሁ አይታለፍም፤ ዘበኛው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ከእንግዲህ ዕድሜ የሚጻፈው በመታወቂያ ነው፤ ነገሩን የጀመረችው ግለሰብም እስከ ዓመቱ መጨረሻ የጠዋቱን መዝገብ በየቀኑ በገዛ እጇ ትሞላለች። ተቆጣጣሪዋ «በገዛ እጇ» የሚለውን ከሥሩ አስምራበታለች።

ረቡዕ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ተቀመጠች። በግራዋ ብትጽፍ ማንም አይከሳትም፤ ዘበኛውም ከጎኗ ቆሞ፣ እኔ ልጻፍና አንቺ ፈርሚ ይላል። ብዕሩን በቀኟ ያዘች። ወደቀ። አነሣችው፤ ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው ጨብጣ «ምግብ አብሳይ» ብላ ጀመረች፤ ፊደሉ የዶሮ ጭረት ይመስላል፤ አንዱ መስመር ላይ፣ አንዱ መስመር ሥር። ስልሳ ዘጠኝን ለመጻፍ ብቻ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚያጠልቅበት ጊዜ ፈጀች። ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። መንታዎቹ ተነጫነጩ፤ ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ፤ አንድ ሰው ዝናብ ሊመጣ ነው አለ። ጠዋቱ ጠራራ ነበር።

ጋሽ ብሎን ከነሚስቱ ሁለተኛ ተራ ላይ ቆሟል። «በዚህ አያያዝሽ» አላት፣ «እስክገባ ሰባ ሁለት ይሞላኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አላለችም። መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ብዕሩን እንደገና አጥብቃ ያዘች።

«ዝም ብለህ መታወቂያህን አውጣ» አለችው።