የአንድ ቃል ሰባት ፍቺ

በሐምሌ 1929 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ጣሊያን መቶ አለቃ አራት ወታደሮች አስከትሎ ከልደታ ማርያም በታች ካለችው የሀረገወይን ቤት ገባ። የሚፈልገው ጠመንጃ ነበር። ወታደሮቹ አልጋውን ገለበጡ፣ የጤፉን ጆንያ በሳንጃ ወጉ፣ የባሏን የዓባይነህን የስፌት መኪና አውጥተው ጭቃ ላይ ጣሉት። ጠመንጃ አላገኙም። ከጣራውና ከግድግዳው መሀል ግን በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር አገኙ።

ሀረገወይን ደብተሩን ስታይ ወደ ባሏ ዞረች። የካቲት ላይ፣ የፈረንጅ ቋንቋ የተማረ ሰው እየታደነ ሲገደል፣ ባልና ሚስቱ የዓባይነህን መጻሕፍት ጓሮ አውጥተው አቃጥለው ነበር። "ሁሉንም?" ብላ ስትጠይቀው "ሁሉንም" ብሏት ነበር።

"ዋሸኸኝ" አለችው በቀስታ።

ዓባይነህ መሬት መሬት አየ።

መቶ አለቃው ደብተሩን እንደመጣለት ገለጠና ለአስተርጓሚው ሰጠው። አስተርጓሚው ገብረየሱስ ይባላል፤ የአብነት ሰፈር ልጅ ነው። ከወረራው በፊት ዓባይነህ የአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ጸሐፊ ሳለ፣ ገብረየሱስ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጣ ከእሱ እንግሊዝኛ ይማር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የሀረገወይንን ምሳ በልቷል። ጣሊያን ሲገባ ቋንቋቸውን በጥቂት ወራት ለቀመና አደረላቸው።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለ መቶ አለቃው።

ከገጹ ራስ ላይ በፈረንጅ ፊደል "ፋየር" የሚል ቃል ተጽፏል። ከሥሩ ፍቺዎቹ በአማርኛ ተደርድረዋል። ገብረየሱስ ከላይ አልጀመረም። ዓይኑ ግርጌው ላይ አረፈ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"ሹሙ ተኩሱ አለ፤ ወታደሮቹም ተኮሱ።"

ወደ ጣሊያንኛም መለሰው።

"ሌላስ?"

"እሳት። ማቃጠል።"

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው" አለ፤ ደብተሩን አጠፈው።

"ይኸው ነው?" ብላ ጮኸች ሀረገወይን። "አንተ ገብረየሱስ! በማርያም፣ ይኸው ነው?"

አንዱ ወታደር በሰደፍ ትከሻዋን መታትና ወደቀች። ቀና ስትል ዓባይነህን የፊጥኝ አስረው ቁልቁል ይነዱታል። ገብረየሱስ ከኋላ፣ ደብተሩን ዝናብ እንዳያገኘው በካፖርቱ ሸፍኖ ይከተላል።

ያን ቀን አላለቀሰችም። የስፌት መኪናውን ከጭቃ አንሥታ ጎማና መዘውሩን በጨርቅ ጠረገች። መጀመሪያ የተናደደችው በባሏ ነው። ሰው ስለ አንድ ደብተር ብሎ ቤቱን ያፈርሳል? ያን ገጽ ደኅና አድርጋ ታስታውሰዋለች። ዓባይነህ ከቃላት ሁሉ ይወደው የነበረው እሱን ነው። አንድ እሑድ ወጥ እያወጣች ሳለ ጠርቷት ነበር።

"ይኸውልሽ፣ እንግሊዞች እሳትን ፋየር ይላሉ። ቃጠሎም ፋየር ነው። ጠመንጃ ተኮሰም ያው ነው። አሽከሩን አባረረውም ፋየር። ሸክላ በእሳት አጠነከረ፣ ጥያቄ አዥጎደጎደ፣ በልቡ ወኔ አለው፣ ሁሉም በአንድ ቃል። ሰባት ፍቺ አገኘሁለት።"

"ሰዎቹ ቃል ቸግሯቸዋል እንዴ?" ብላው ነበር።

ዓባይነህ ከት ብሎ ሳቀ። "ኧረ አልቸገራቸውም! ነበልባሉን ፍሌም ይሉታል፣ የተንቀለቀለውን ብሌዝ፣ ፍንጣሪውን ስፓርክ። እያላቸው ነው።" ከዚያ ደብተሩን ወደ ገብረየሱስ ገፋለት። "በል፣ አንተም አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍበት።"

እዚህ ላይ ሐሳቧ ተቋረጠ። ገብረየሱስ ምን ብሎ እንደጻፈ ትዝ አላላትም።

ሰኞ ወደ ሥራዋ ሄደች። ባሏ የጸሐፊነት ሥራውን አጥቶ ልብስ ሰፊ ከሆነ ወዲህ በልደታው የአውሮፕላን ሜዳ የጣሊያኖቹን ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ጠዋት ውሃ የሚፈላበት በርሜል ሥር እሳቱ ሲደክም፣ የልብስ አጣቢዎቹ ሹም እንደ ልማዱ ከበሩ ሆኖ ጮኸ፦ "ፉኦኮ! ፉኦኮ!" እሳቱን ቆስቁሱ ማለቱ ነው። ሴቶቹ እንጨት ጨመሩ። ሀረገወይን ካውያውን አንሥታ የአንዱን አብራሪ ሸሚዝ መተኮስ ጀመረች።

ከአጥሩ ማዶ ወታደሮች ኢላማ ይለማመዳሉ። አዛዣቸው "ፉኦኮ!" አለ፤ ጠመንጃዎቹ ተንጣጡ።

ካውያዋ ሸሚዙ ላይ ቆመ። ዓመት ሙሉ ሁለቱን ጩኸት ስትሰማ ኖራለች፤ አንድ ቃል መሆኑን ያስተዋለችው ገና አሁን ነው። ካውያውን ወደ ጎን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወጣች።

"ወዴት ነው? ያባርሩሻል እኮ!" አለቻት አጠገቧ የምትሠራው አያንቱ።

"ያባርሩኝ።"

የመቶ አለቃው ቢሮ በር ላይ እስከ ቀትር ዝናብ ሲወርድባት ቆመች። ሁለት ጊዜ አባረሯት፤ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ቆመች። በመጨረሻ አስገቧት። መቶ አለቃው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ገብረየሱስ ከጎኑ ቆሟል። ሲያያት ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

"ምን ትፈልጊያለሽ ይላል" አላት።

"ደብተሩን ይግለጠው። ያንኑ ገጽ።"

መቶ አለቃው ትከሻውን ሰብቆ ገለጠው። ሀረገወይን ጠጋ ብላ አየች። ዳዊት የደገመች ናት፤ ማንበብ አያቅታትም። የዓባይነህ ፊደል እንደ ብራና ጽሕፈት ቀጥ ያለ፣ ድፍን ነው። ግርጌ ላይ ያለው መስመር ግን ወደ ጎን የተንጋደደ፣ እግሩ የረዘመ፣ የሌላ ሰው እጅ ነው። "ሹሙ ተኩሱ አለ፤ ወታደሮቹም ተኮሱ።" የገብረየሱስ እጅ!

ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። ባሏን ሊያሰቅል የደረሰውን መስመር የጻፈው ይኸው ከፊቷ የቆመው ሰው ነው። ራሱ ጻፈው፣ ራሱ አነበበው፣ በሌላ ሰው አላከከው! ጣቷን አንሥታ "ይህ የሱ ጽሕፈት ነው" ብትል በቃ። ፊደሉን ያስጽፉታል፣ ያስተያዩታል፣ እሱም እዚያው ይታሰራል። ገብረየሱስም ገብቶታል። ከንፈሩ ደርቆ፣ የካፖርቱን ቁልፍ እየጠመዘዘ ያያታል።

ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ለእነዚህ ሰዎች ግን ሁለተኛ ሐበሻ በገዛ እጇ አሳልፋ መስጠት አልሆነላትም። ዋጠችው፤ ሲወርድም አቃጠላት።

"አንብብ" አለችው። "ከላይ ጀምረህ። ሰባቱንም። አንዲት ብታስቀር ወየውልህ።"

ገብረየሱስ አነበበ። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አሽከር ማባረሩን፣ ሸክላውን፣ ጥያቄውን፣ ወኔውን ሁሉ ወደ ጣሊያንኛ መለሰ። መቶ አለቃው ግንባሩን ቋጠረ።

ከዚህ በኋላ ሀረገወይን አስተርጓሚውን ትታ፣ ልብስ ስታጥብ በለቀመችው ጣሊያንኛ ፊት ለፊት ተናገረች። "በርሜል ሥር፣ ፉኦኮ! ወታደር፣ ፉኦኮ! አንድ ቃል ነው፣ አይደለም?"

መቶ አለቃው አፈጠጠባት።

ጣሊያንኛዋ አለቀ። "የቀረውን ንገረው" አለችው ገብረየሱስን። "እኔ በየቀኑ የናንተን ሸሚዝ እተኩሳለሁ በለው! በእኛ አገር ጠመንጃም ይተኮሳል፣ ልብስም ይተኮሳል። ታዲያ እኔም አመፀኛ ነኝ? አስረኝ በለው!"

ገብረየሱስ ተረጎመ። መቶ አለቃው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን በድንገት ቆረጠው። ደብተሩንም ዘጋው።

"እሺ፣ የአመፅ ትእዛዝ አይደለም። ግን አንድ ልብስ ሰፊ እንግሊዝኛ ምን ያደርግለታል? ለማን ሊሰልልበት ነው?"

"መማር መሰለል ማለት ነው?" አለች።

መቶ አለቃው ወደ በሩ ጠቆመ። አንድ ወታደር ክንዷን ይዞ አስወጣት። ዓባይነህ ከስቅላት ተረፈ፤ በሳምንቱ ግን ከሌሎች እስረኞች ጋር በካሚዮን ተጭኖ ወደ ሶማሊያ ተጋዘ። አልተሰናበታትም።

ገብረየሱስ አንድ ቀን ልደታ ማርያም በር ላይ ጠብቆ ያዛት። "እትዬ ሀረገወይን፣ ፈርቼ ነው። እጄን ያወቁት መስሎኝ..."

"እትዬ አትበለኝ" ብላው አለፈች። ከዚያ ወዲህ በሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር።

አራት ዓመት አለፈ። ጣሊያን ድል ተነሥቶ፣ እስረኞች ተፈትተው፣ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ዓባይነህ በእግሩ እየተጎተተ ሰፈሩ ገባ። የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ያስለዋል። ጥርሶቹን ምን እንዳደረጋቸው ስትጠይቀው ለቀናት አልነገራትም። በኋላ ግን አወጣው።

"ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አለ፣ ሁለተኛው የማነው እያሉ ገረፉኝ። ሁለቱም የኔ ነው፣ አንዱን በግራ እጄ ነው የጻፍኩት አልኳቸው። አላመኑኝም።"

ሀረገወይን ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ብዙ ቆይታ ነው የተመለሰችው።

ወር ሳይሞላ ገብረየሱስ የንስሐ አባታቸውን አባ ተክለጻድቅን አስቀድሞ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። ዓባይነህ በሕመም ከተኛበት መደብ ላይ እየተንፏቀቀ ተነሣ። ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለትና "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ተነሥ" አለው። ሁለቱም አለቀሱ።

አባ ተክለጻድቅ ወደ ሀረገወይን ዞሩ። "አንቺስ፣ ልጄ? ባልሽ ይቅር ብሏል። ስለ ማርያም ብለሽ ይቅር በይው።"

"ስለ ማርያም ብዬ አንድ ቀን አፌን ዘግቼለታለሁ፣ አባ" አለች። "ያን መስመር የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩ ሲገለጥ አይቻለሁ። እሱ ያውቃል።"

ገብረየሱስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ባሌ ጥርሱን ከፍሎለታል፣ እኔ ዝም ብዬለታለሁ። ሌላ አትጠይቁኝ። እርስዎ ግን ይግቡ፣ ቤት ያፈራው አይጠፋም።"

አባን አስገብታ መቀመጫ ሰጠቻቸው። ለገብረየሱስ አልሰጠችውም። ዓባይነህ "ኧረ ሀረገወይን!" ቢላት አልሰማችም። ገብረየሱስ ቆቡን ከመሬት አንሥቶ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወረደ።