ራሱ ላይ የቆመው ሲሊንደር

ልጄ ስልኩን ሳይዘጋው እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ያለኝ ይኼን ነው፤ «እማዬ፣ ከሆስፒታል ወጥተናል። ቤቱ ከቀዘቀዘ እንገባለን። ካልቀዘቀዘ ግን ሕፃኑን ይዘን በቀጥታ ወደ አማቴ ቤት ነው።»

አማቱ ቤት ኤሲ አለ። እንዳልረሳው ትረዳኛለች፤ ባገኘችኝ ቁጥር «ውይ እትዬ፣ እኛ እኮ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ለብሰን ነው የምንተኛው» ትላለች። የወንድ ልጄ የመጀመሪያ ልጅ እዚያ ብርድ ልብስ ለብሶ ሊተኛ ነው እንግዲህ።

የእኔም ኤሲ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ነፍስ ግን አልዘራም። ነፍስ የምትዘራበት የሴት ልጄ ልጅ ናት። ከልጅነቷ ንቁ ስለሆነች ቆቅ እንላታለን። የማቀዝቀዣ ሙያ ተምራ፣ አለቃዋ በሌለበት ብቻዋን ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጓሮ ሮጥኩ። ቆቅ ከውጪው ማሽን አጠገብ ቁጢጥ ብላ የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን ታያለች፤ ፓምፑ ያጓራል።

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ናቸው። ጋዙን ሙዪና ገላግዪኝ።»

«እማማ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ተስቦ ሳያልቅ ጋዝ አይገባም።»

«ትንሽ አየር ቢቀርበት ምን አለበት? አየር አይደል የሚነፍሰው?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የምትይኝ አንቺ አይደለሽ?»

በገዛ ተረቴ አፌን አስያዘችኝ።

ፓምፑን አጠፋች። የጌጁ መርፌ ከተነቃነቀ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው አለችኝ። እኔ የሆነ ነገር እንዳልነካ እጆቼን ከኋላዬ ቆልፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። የማሽኑን ቫልቮች ስትከፍት ጋዙ እስስስ እያለ ወደ ቱቦው ገባ።

«ይኼ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ነው። ቱቦው አጭር ቢሆን ይበቃው ነበር» ብላ አይታኝ ሳቀች።

ማሽኑ ከሕፃኑ መስኮት ሥር እንዳይጮህ ብዬ ጓሮ ድረስ ያስወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ቱቦው ቤቱን ዞሮ ነው የመጣው። ለረዘመው ቱቦ ጋዝ ይጨመርለታል። ስለዚህ የጋዝ ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አቆመችው፤ ከእሱ የጎደለው ያህል ወደ ቱቦው ገባ ማለት ነው። ኤሲውን አስነስታ፣ ሲሊንደሩን ከፍታ፣ በሽቦ ከሚዛኑ ጋር የተያያዘውን ቁጥር ማሳያ ይዛ ወደ ጌጁ ዞረች።

ሲሊንደሩን ግን ዘቅዝቃ ነው ያቆመችው። ፈሳሹ እንዲወርድ ነው ብላኛለች፤ ይሁን። ግን ጋዝ የታጨቀበት ነገር፣ ሳህን በምታክል ሚዛን ላይ በጭንቅላቱ ቆሞ፣ ዝም ብዬ ላይ? ፈሪ ለናቱ። በሁለት እጄ ቀለል አድርጌ ደገፍኩት።

«እንዴት ፈጥኖ ገባ» አለች ቆቅ ቁጥሩን አይታ። ሲሊንደሩን ዘጋችውና ተከታትለን ወደ ክፍሉ ገባን።

የሚነፍሰው ሻይ ለማብረድ እፍ የሚሉት ዓይነት ነበር። ቆቅ ፊቷ ጠቆረ። ወጥታ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ሳሙና ቀባቻቸው፤ አንድም አረፋ አልተነፋም። በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ሰማን።

«እማማ፣ ይኼ ሲሊንደር ክብደት ጨምሯል።»

«ሲሊንደር ደግሞ ምን በልቶ ይወፍራል?»

ቁጥሩን አየች፣ ሲሊንደሩን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ቅድም እጅሽ የት ነበር?»

«የት ይሆናል? እሱን ይዤ ነዋ። እንዳይወድቅብሽ።»

መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ያለቀሰች መስሎኝ ስጠጋት በሳቅ ትንፋሽ አጥሯታል። «ጋዙ ገባ ስል ለካ ክብደቱን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ» አለች። እኔንም ሳቁ ያዘኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

«በይ ሂጂና እነሱን በር ላይ ያዢልኝ» አለች ቫልቩን እየከፈተች። «በሁለት እጅሽ።»

ልጄ ሞተሩን አላጠፋም። ሚስቱ ከኋላ ሕፃኑን ታቅፋለች፤ አማትየው ከፊት።

«እትዬ፣ ቀዘቀዘ?»

«ልጁን መጀመሪያ ልየው እንጂ» ብዬ በመስኮቱ ገባሁበት። «ውይ፣ አፍንጫው ቁርጥ አባቱን።»

«የምን አባቱን? የእኔን አባት አፍንጫ ነው የያዘው!» አለች አማትየው።

ይኼን እንደማታልፈው አውቃለሁ። ከአፍንጫ ወደ ግንባር፣ ከግንባር ወደ ጆሮ ሄድን። አገጩ ላይ ስንደርስ የቆቅ ድምፅ ከውስጥ «ግቡ» አለን።

አማትየው ቀድማ ገብታ ኤሲው ሥር ቆመች። ቆይታ ክንዷን አቀፈችና «እትዬ፣ ሹራብ ይኖርሻል?» አለች።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ቆቅ፣ ቀንሺው እንጂ፣ ልጁን ይበርደዋል» አልኩ ወዲያው።

«ተይው እባክሽ» አለች አማትየው፣ ሹራቤን እየለበሰች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የእኛው ኤሲ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ሙቅ ነው የሚነፍሰው።»

ልጄ ሻንጣ ሊያወርድ ወጣ። የሚስቱንና የሕፃኑን ይዞ ሲመለስ፣ የአማቱ ሻንጣ ማን እንዳወረደው ሳይታወቅ ቀድሞት ሳሎን ገብቷል።