ከውሃው የተነሣ

"የፊታችን እሑድ ቤተ ክርስቲያን በሚደረገው መታሰቢያ ላይ ከንቲባው ራሳቸው ይናገራሉ" አለ ፋርማሲስቱ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ። "ለአባትሽ ትልቅ ክብር ነው፣ ልጄ።"

ለቅሶ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ልጅቷ ደሟ ፈላ። ይህ ሰው የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሰብሳቢ ነው፤ አባቷን ከመድረክ ያወረደውም እሱ ነው።

"ምን ብላችሁ ስሙን ልትጠሩት ነው፣ ጋሼ?"

"ባደረበት ሕመም ያረፈው አገልጋያችን፣ ብለን ነዋ።"

"ምን ዓይነት ሕመም?"

ፋርማሲስቱ ሻዩን ተጎነጨ።

አባቷ ሰባኪ ነበር። እሑድ እሑድ የሕሙማንን ስም ከመድረክ እየጠራ ያስጸልያል። ከንቲባው የፈቀደው የቆዳ ፋብሪካ ከተማው በሚጠጣው ወንዝ ዳር ከተከፈተ ወዲህ ግን ከየስሙ ቀጥሎ አንድ ነገር መጨመር ጀመረ፦ "የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ፣ ከውሃው የተነሣ። የአናጺው ሕፃን፣ ከውሃው የተነሣ።"

ጉባኤው ጠራው። "ጸልይ፤ በምን እንደታመሙ ግን እግዚአብሔር ያውቀዋል" አሉት።

"እሱማ ያውቃል" አለ እየሳቀ። "የቸገረኝ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ከንቲባ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ አትገባም ተባለ፤ ከንቲባው በምርጫ ሰሞን እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ ሲመረቅ ግን ፖለቲካ አልነበረም! አባቷን አወረዱት። ከዚያ ወዲህ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ለሌሎች ጸሎት "አሜን" ሲል ኖረ፤ ያንኑ ውሃ እየጠጣ። በመጨረሻ ኩላሊቱ ከዳው።

"ወይ 'ከውሃው የተነሣ' ትላላችሁ፣ ወይ ስሙን አትጠሩም!" አለች። "በሕይወቱ አፉን ዘጋችሁት። አሁን ደግሞ ለከንቲባው መቆሚያ ልታደርጉት?"

"እንደሱ ከሆነማ ጉባኤው አይፈቅድም። እኔም ብሆን..."

"እርስዎማ መድኃኒቱን ይሸጣሉ!"

አንዲት ጎረቤት ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

"ይበቃል" አለች እናቷ ከጥግ። ከቀብሩ ወዲህ ድምጿ ገና መሰማቱ ነበር። "ስሙን ይጥሩት።"

"እማዬ! ውሸት እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ማታ ማታ ወገቡን ሳሽ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ በምን እንደሞተ አንቺ አትነግሪኝም።" ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "ካወረዱት ጀምሮ እሑድ ሲሆን ከረባቱን ያስር ነበር። ዛሬ ይጠሩኝ ይሆናል እያለ። ሳይጠሩት ሞተ። አንቺ ዕድሜ ልክሽን ተጣያቸው፤ ደግ ታደርጊያለሽ። እኔ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ስሙን አንዴ ልስማ።"

ልጅቷ ይህን አታውቅም ነበር። ከረባቱን ለወግ የሚያስረው ይመስላት ነበር። ፋርማሲስቱ ብርጭቆውን አስቀምጦ እንዳቀረቀረ ወጣ፤ የሸኘው የለም።

ጎረቤቶቹ ሲበተኑ ልጅቷ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ ብዛት የእናቷ እግሮች አብጠው ጫማው ይዟቸዋል። ማሰሪያውን ፈታች፤ ቀስ ብላ አወለቀችላት፤ ቀዩን ሰንበር በአውራ ጣቷ አሸችው።

"ይሄ ጠቦሻል፣ እማዬ" አለች ቀና ሳትል። "ለእሑድ ሰፋ ያለ እንፈልግልሽ።"